እትዬ ኤልስፔት ያልጻፉት ቃል

ተሰጠ! ወንበሩ ዛሬ ጠዋት ተሰጠ፤ ያውም በጋዜጣ፣ በፊተኛው ገጽ፣ ከአየር ጠባዩ ትንበያ በላይ!

ፖስታ ቤቱ መስኮት ጀርባ ቆሜ ሳነበው ጮኬ ኖሮ፣ ቴምብር ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጀልባ የሰጠመ መስሎት ፊቱ አመድ መሰለ። "ኧረ ምንም የለም፤ ደስ ብሎኝ ነው!" አልኳቸው። የሰጠመ ጀልባ የለም። የሰጠመ ነገር ካለ የመምህር ሌስሊ ፐርቪስ ኩራት ነው፤ ለእሱ ደግሞ በፖርትካርን ወደብ ገመድ የሚወረውር አንድ ሰው አይገኝም።

ወንበሩ ግን የእኔ አይደለም። የእትዬ ኤልስፔት ኮዊ ነው፤ የመርፌዎቹ ልጅ የእትዬ ኤልስፔት። በእኛ ወደብ ከሁለት ሰው አንዱ ኮዊ ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ መለያ ስም አለው። ድስት የሚባሉ ኮዊዎች አሉ፣ ዳክዬ የሚባሉም አሉ። የእትዬ ኤልስፔት አያት መረብ የሚጠግኑበት መርፌ ከእጃቸው አይለይም ነበርና ዘር ማንዘራቸው መርፌ ተባለ። ሌሎቹ ስሙን ከአያታቸው ወረሱት። እትዬ ኤልስፔት ግን በምላሳቸው አገኙት ብል የሚከራከረኝ የለም።

ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ በትምህርት ቤቱ የግጥም ውድድር አንደኛ ወጥተው ስማቸው ተጠራ። በተጠራ ቀን ግን እሳቸው የሉም። አባታቸው ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር ባቡር አሳፍረው ወደ ደቡብ፣ ወደ እንግሊዝ ወደቦች፣ የሄሪንግ ዓሣ ሆድ ዕቃ ሊያወጡ ልከዋቸው ነበር። ቢላዋው እንዳይቆርጠው ጣታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ጨው በርሜል ፊት ቆመው፣ በደቂቃ አርባ ዓሣ። ለአንደኛ የተዘጋጀውን መጽሐፍ ሁለተኛ ለወጣችው ለመድኃኒት ሻጩ ልጅ ሰጧት።

"እስከ ዛሬ አላነበበችውም" ይላሉ እትዬ ኤልስፔት። "ባለፈው ዓመት ዓሣ ላደርስ ቤቷ ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው። የአበባ ማሰሮ ጭናበታለች፤ አበባው ራሱ ደርቋል።"

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ከዓሣ ማጨሻው ቤትና ከፊቱ ካለችው ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። አላገቡም። "ጠይቀውኝ ነበር፤ ሁለት ሆነው" አሉኝ አንድ ቀን፤ "አንደኛው መልኬን፣ ሁለተኛው ቢላዋ አያያዜን ወዶ። ሁለተኛው ይሻል ነበር፤ እሱም ቢሆን ሲያወራ ያዛጋኝ ነበር።" ዓሣ የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳያነቡ የሚጠቀልሉት ጋዜጣ የለም። ሰው የሃዶክ ዓሣውን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ይቆማል።

"እትዬ ኤልስፔት፣ ዓሣው!"

"ዓሣው ሞቷል፤ የትም አይሄድም። ቆይ ይቺን ስንኝ ልጨርሳት።"

ጨርሰውም "አሁን ይሄ ግጥም ነው? ለዓሣው እንኳ አሳፋሪ ነው" ይሉና ሌላ ወረቀት ያነሳሉ። ባሕርን "እናቴ ሆይ" የሚል ባለቅኔ ካጋጠማቸው ያን ዕለት አለቀለት። "ዋና የማይችል ሰው ነው" ይላሉ። "የሚችል ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አንገቱ ድረስ ገብቶ ይሞክራት ነበርና እናቴ አይላትም።"

ወደ ወንበሩ ልምጣ። "ደወል" የምንለው ሳምንታዊ ጋዜጣችን በኋለኛው ገጹ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የቃላት እንቆቅልሽ ያወጣል፤ በጥቁርና በነጭ ሳጥን የተሠራ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ጎንና ወደ ታች እየተሻገረ የሚሞላ። ፍንጮቹ ሁሉ ስለ ግጥምና ስለ ስኮትላንድ ባህል ናቸው፤ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ግን ማንም አያውቅም። "ሸርጣን" ብሎ ነው የሚፈርመው። ሸርጣን እንደምታውቁት ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሲያሻው ወደ ታች ይቆፍራል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ነው ያሉ ነበሩ፤ የሞተ ነው፣ የድሮውን እየደጋገሙ ነው የሚያትሙት ያሉም ነበሩ።

ይህን እንቆቅልሽ በአደባባይ የሚፈታው መምህር ፐርቪስ ነው። ከኤድንብራ መጥቶ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ከሆነ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። አንቱ አላልኩትም ብሎ የሚቀየመኝ ካለ መጥቶ አንድ ቅዳሜ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ወደቡ ላይ ያለውን የንባብ ቤት ያሠሩት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ዛሬ አጥማጅ አይገባበትም። በመስኮቱ በኩል፣ ምድጃው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ፐርቪስ ይዞታል። ከፊቱ ሦስት መዝገበ ቃላትና አንድ ትልቅ የአገር ባህል መጽሐፍ ይደረደራሉ። እርሳስ አይነካም፤ "እርሳስ የሚጠራጠር ሰው መሣሪያ ነው" ይላል። ወርቅማ ጫፍ ባላት ብዕር አንድ ቃል በሞላ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያኔ ሦስቱ ጡረተኞች ጓደኞቹ "እህ!" ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ቢጨመቁ አንድ ፍንጭ አይወጣቸውም። በጥር፣ ለታላቁ ባለቅኔያችን በምናደርገው ራት ላይ በበግ ጨጓራ ተሞልቶ ለሚቀቀለው ምግባችን፣ ለሃጊሱ፣ ግጥም የሚያነበንበውም እሱ ነው። የገዛ ቋንቋችንን እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ እያነበበ፣ ቢላዋውን እስኪያነሳ ሃጊሱ በረዶ ይሆናል።

እትዬ ኤልስፔት ቅዳሜ ቅዳሜ ለንባብ ቤቷ ጠባቂ ሃዶክ ያደርሳሉ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ።

"ወይዘሪት ኮዊ" አለ ፐርቪስ ከመነጽሩ በላይ እያየ፤ "እርስዎም ይሞክራሉ ሲሉ ሰማሁ። በዓሣ መጠቅለያ ላይ።"

"አዎ ጌታው። ሲከብደኝ ዓሣውን እጠይቀዋለሁ።"

"ሃ ሃ! ታዲያ ይመልስልዎታል?"

"አፉን ከፍቶ ዝም ይላል። ከዚህ ጠረጴዛ ይሻላል።"

ሦስቱ ጡረተኞች "እህ!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ከማን ጋር መሆን እንዳለባቸው ስላልገባቸው መልሰው ዘጉት።

ባለፈው ቅዳሜ ሸርጣን ይህን ጻፈ፦ "ዓይኔ ደክሟል። ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ፈትቶ፣ የራሱን ሦስት ፍንጮች ጨምሮ እስከ ዓርብ ቀትር ለሚያደርስልኝና ለምመርጠው ሰው ወንበሬን እለቅለታለሁ። ስሙም፣ የእኔ እንደተደበቀው ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ከእንቆቅልሹ በላይ በግልጽ ይታተማል።"

ያን ዕለት እትዬ ኤልስፔት ወደ ፖስታ ቤቱ መጥተው እርሳስ ገዙ። እኔ እሳቸው እርሳስ ሲገዙ አይቼ አላውቅም፤ ከዓሣ ጨረታው ወለል የወደቀ ቁራጭ ነው የሚያነሱት።

"አዲስ እርሳስ፣ እትዬ ኤልስፔት?"

"ምነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል?" አሉና ዞር ብለው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ሬና፣ ስሜ በደወል ላይ ስንት ጊዜ የወጣ ይመስልሻል?"

"እንጃ።"

"አንዴ። ጃንጥላ ጠፍቶብኝ። ሁለተኛው ስሞት ነው የሚሆነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አላነበውም።"

በቃ፣ ገባኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ስም ተጠርቶ "የለችም" ወደተባለበት አዳራሽ በሐሳባቸው ሲመለሱ መኖራቸው ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፖስታ ቤቱን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ማጨሻው ቤት እሄድ ጀመር። እሳቸው ሃዶኩን እየሰነጠቁ እኔ ፍንጭ አነባለሁ።

"ወደ ጎን ሦስት፤ 'ስድስት ስንኝ ያሉት አገርኛ የግጥም ቤት፣ ሁለቱ ስንኞች ያጠሩ' ይላል።"

እሳቸው በቢላዋው ጀርባ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ ረጅም፣ ሁለት ጊዜ አጭር መቱና ስሙን ነገሩኝ። "እሱን ፐርቪስ በየትኛው መጽሐፍ እየፈለገ ይሆን?" አሉ። "እኛ በሄሪንጉ በርሜል ላይ በዚያ ምት ነው ስንሰድብ የኖርነው። አሠሪያችንን ሰድበን ስንጨርስ በርሜሉ ይሞላ ነበር።"

"ወደ ታች አሥራ አንድ፤ 'በአዲስ ዓመት ሌሊት ደጃችንን መጀመሪያ የሚረግጠው እንግዳ ይዟት ይመጣል፤ ቀሚስ ለብሳለች።' ሰባት ሳጥን።"

ሳቁ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ኤልስፔት ሲደሰቱ አፍንጫቸው ነው የሚሰፋው። የቀረው አገር እንግዳ በአዲስ ዓመት የድንጋይ ከሰል ይዞ ይገባል። በእኛ ጠረፍ ግን ሄሪንግ ነው፤ ከወረቀት ቀሚስ ተሰፍቶላት፣ ኮፍያ ተደርጎላት፣ በር ላይ ተሰቅላ ዓመቱን ሙሉ ታመጣለች የምትባል። ይህ በመጽሐፍ የለም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ከኤድንብራ ጎረቤቶቹ ጋር ነው አዲስ ዓመት የሚያከብረው።

ፐርቪስ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከዚያች ሄሪንግ ጋር ታገለ። ከሰል ሰባት ሳጥን አይሞላለትም፤ ሌላ ነገር ደግሞ መጽሐፉ አያውቅም። አንድ አጥማጅ ቢጠይቅ ይነግረው ነበር። መጠየቅ! ሰማይ ይደፋበት ነበር። ረቡዕ ዕለት በእኔው መስኮት በአደራ ደብዳቤ ላከ፤ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ስለ "አሳፋሪ የማተሚያ ስህተት"። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ይኼኛው የገዛ ራሱን ነው ያጠበው። ማኅተሙን ስመታለት እጄ ከሳቅ የተነሳ ሁለቴ ሳተ።

ሐሙስ ማታ የእትዬ ኤልስፔት ወረቀት ሁሉ ተሞላ፤ ከአንዲት ቃል በቀር።

ፍንጩ ይህ ነበር፦ "ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ሽቅብ የሚዘል፤ ባለቅኔዎች የወንዝ ንጉሥ ይሉታል።" ስድስት ሳጥን።

የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ባለ ቀይ ሥጋው ዓሣ ነው። ስሙን እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ አባቴ አጥማጅ ነበር። ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ ያንን ስም የሚጠራ ሰው ጀልባዋ ላይ መዓት ይጠራባታል። እኛ "ቀዩ" እንለዋለን። አንድ አላዋቂ ስሙን ካወጣው የሰማ ሁሉ "ቀዝቃዛ ብረት!" ብሎ ያገኘውን ብረት ይነካል። ሌላም የማይጠራ አለ፤ እሑድ እሑድ የሚሰብክልን ሰው። እሱን ደግሞ "ጥቁር ካባ" ነው የምንለው። ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ያገኙት እንደሆነ ያን ቀን ጀልባ አይወጣም። እትዬ ኤልስፔት አርባ ዓመት ዓሣ ሲሸጡ የውጭ ሰው ገብቶ ቀዩን በስሙ ከጠየቃቸው፣ የሚዛኑን ብረት ነክተው "የለም" ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ተጋድሞ እያለ።

"ይጻፉት እንጂ" አልኳቸው። "የቀረው እሱ ብቻ ነው!"

"አሌክ ባሕር ላይ ነው።"

አሌክ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። ጀልባውን ይዞ ከወጣ አራት ቀኑ፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። የውድድሩ ቀነ ገደብ ዓርብ ቀትር ነው። ውጭ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ተነስቶ የማጨሻውን ቤት ቆርቆሮ ይመታል።

"መጻፍ እኮ መጥራት አይደለም" አልኩ።

"ይበልጣል። የጠራሽው ነፋስ ይወስደዋል፤ የጻፍሽው ይቀመጣል።"

"ሦስት ፊደል እኮ አስቀድሞ ገብቶበታል፤ ከላይ የሚወርዱት ቃላት አስገብተውታል!"

"እነዚያ የሌላ ቃል ፊደሎች ናቸው። እኔ የእሱን አንድም አልጻፍኩ።"

"ሃምሳ ሦስት ዓመት ጠብቀው! ፐርቪስ ይወስደዋል እኮ!"

"ይውሰደው።" ቢላዋውን አስቀመጡና ወረቀቱን አዩት። "ስሜ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ብዬ የአሌክን ስም ከመቃብር ሐውልት ላይ ላንብብ? ያውም ሬሳ ለሌለበት ሐውልት፣ እንደ አባቱ?"

ዓይናቸውን አየሁና እርሳሱን ከእጃቸው ወሰድኩ። እኔ ልጻፈው አልኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ቴሌግራም አስተላልፋለሁ፤ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ጫፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ። እጄ እምቢ አለ። እርሳሱን መልሼ አስቀመጥኩና ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣ የምድጃውን በር ነካን።

"አየሽ?" አሉኝ። "አንቺም አታምኚበትም።"

በማግስቱ ቀትር ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አብረን ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄድን። ፐርቪስ ቀድሞን ደርሷል። ፖስታው በቀይ ሰም ታትሟል፤ የንጉሥ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። አዘጋጁ አቶ ዳልጋርኖ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፤ አባቱ የእኛው ወደብ መረብ ሻጭ ነበር። እትዬ ኤልስፔት ፖስታ አልነበራቸውም፤ ወረቀቱን አጥፈው በእጃቸው ነው የያዙት። ፐርቪስ አንገቱን አሰገገ።

"ይፈቀድልኛል?" አለና ሳይፈቀድለት አየ። "ግሩም ነው! በእርሳስ ቢሆንም ግሩም ነው። ኧረ ግን ቆይ፤ ወይዘሪት ኮዊ፣ ቀላሉን እኮ ዘለሉት! ይህን ማንኛውም ሕፃን—" ብሎ ስሙን ጠራው። በጠራ ድምፅ፣ እንደ ትምህርት ቤት ደወል።

አቶ ዳልጋርኖ የጠረጴዛውን የብረት እግር ያዘ። እኔ ቁልፌን። እትዬ ኤልስፔት በኪሳቸው ያለውን የዓሣ ቢላዋ።

"ቀዝቃዛ ብረት" አልን ሦስታችንም።

ፐርቪስ ሦስታችንን በየተራ አየን። "ሃያ አራት ዓመት እዚህ ኖሬ" አለ ራሱን እየነቀነቀ፤ "አሁንም ከእንዲህ ያለ ጨለማ አልወጣችሁም።"

"ሃያ አራት ዓመት እዚህ ኖረው" አሉ እትዬ ኤልስፔት፤ "አሁንም ገና ከባቡር አልወረዱም።"

ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።  የማጨሻው ቤት በር ላይ ሲደርሱ "ሬና፣ ነገ ጋዜጣውን እንዳታመጪልኝ" አሉኝ። "ሃዶክ የምጠቀልልበት ሌላ ወረቀት አለኝ።" እኔን እያዩ አልነበረም ያሉት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ከኋላቸው፣ እንዳያዩኝ። ቢያዩኝ ይሰድቡኝ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ያነበብኩት ይህን ነው፤ እንዳለ ልገልብጠው፦

"ዘጠኝ መልሶች ደረሱኝ። አንደኛው ተወዳዳሪ ባለ ሰባት ሳጥኑን ቃል ሳይሞላ ትቶ በጎኑ 'የማተሚያ ስህተት' ብሎ ጽፎልኛል። አታሚው ስህተት አልሠራም፤ ተወዳዳሪው በአዲስ ዓመት ሌሊት ደጁን የሚያንኳኳ እንግዳ ኖሮት አያውቅም፤ ለዚህ አዝናለሁ። ሁለተኛ ተወዳዳሪ ደግሞ የወንዙን ንጉሥ ባዶ ትታዋለች። ይህን ባዶ ቦታ ረጅም ጊዜ አየሁት። እዚህ ወደብ አርባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ወደ ወደቡ በወረድኩ ቁጥር አጥማጆች ገመዳቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የማይጠራ ቃል እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ባዶ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ። ስምንቱ ቃሉን ከመጽሐፍ ገለበጡት። እሷ ብቻ መለሰችው። ስለ ፍንጮቿ የመጀመሪያውን ብቻ ልጥቀስ፦ 'ባለቅኔ ሁሉ ያሞግሳታል፣ አንዳቸውም አላደሩባትም።' መልሱን ለማንም አልነግርም፤ መስኮታችሁን ክፈቱ። ወንበሩ የወይዘሪት ኤልስፔት ኮዊ፣ የመርፌዎቹ፣ ነው።" ከሥሩም ሸርጣን አይልም፤ የራሱ ስም ነው፦ አርኪባልድ ኩሽኒ። ጥቁር ካባው! ጡረታ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ባለችው ቤቱ ጽጌረዳ ሲከረክም የምናየው የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ!

መስኮቱን ዘጋሁት። "ለጊዜው ተዘግቷል" የሚለውን ሰሌዳ ገልብጬ ሮጥኩ። ጋዜጣ እንዳታመጪ ተብያለሁ፤ አመጣሁ። በንባብ ቤቱ በኩል ሳልፍ በመስኮቱ አየሁ፤ ፐርቪስ ደወልን ፊቱ ዘርግቶ፣ ብዕሩን ከድኖ ተቀምጧል። ሦስቱ ጡረተኞች ወንበራቸውን ወደ ምድጃው ስበዋል፤ ከእሱ ራቅ ብለው። ልራራለት አስቤ ነበር። ጊዜ አልነበረኝም።

እትዬ ኤልስፔት ቆመው አነበቡት። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ጣታቸውን ስማቸው ላይ አደረጉ፤ በእጃቸው ያለው የዓሣ ዘይት በወረቀቱ ሰረገ።

"ጥቁር ካባው?" አሉ በመጨረሻ። "አርባ ዓመት ሙሉ የጥቁር ካባ ፍንጭ ነው ስፈታ የኖርኩት?" የምድጃውን በር ነኩ። "የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ስለ ሄሪንግ አጨሳስ የጻፈው ስህተት ነበር። እነግረዋለሁ።"

"ደስ አላለዎትም?"

"ብሎኛል። አትጩሂ፤ ዓሣው ይነቃል።" አፍንጫቸው ግን ሰፍቶ ሰፍቶ ፊታቸው ላይ ቦታ አጣ። ከዚያ ጋዜጣውን አጠፉት፤ ለመጠቅለያ አይደለም፤ በጥንቃቄ፣ በአራት፣ መጎናጸፊያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ። "ሃዶክ ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እትዬ ኤልስፔት ሃዶክ በነፃ ሲሰጡ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ፖስታ ቤቱን ዳግመኛ አልከፈትኩትም። ይህን ስጽፍ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ነፋሱ ወድቋል። ገና ስለ ሁለቱ ጠያቂዎቻቸው፣ ስለ ሄሪንጉ ባቡር፣ ብዙ አለኝ። ግን አሁን ከመስኮቴ አሻግሬ ሳይ ከአፈ ወደቡ ማዶ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ሰማያዊ የጀልባ አፍንጫ ብቅ አለ፤ የአሌክ ጀልባ ናት! ሙሉ ናት፤ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። እሱ እኮ ምንም አልሰማም! ጥሩምባውን ነፋ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔ ልንገረው፤ ካፖርቴ የት አለ፣ ተዉት፣ ያለ ካፖርት—